የብስክሌቱ ሻለቃ፤ የማርሻል ቴይለር ሕይወትና የሙያ ታሪክ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ማኅበር በተመሠረተበትና ጉባኤ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ የማይጠፋ ነው። ሲነገርም ሁልጊዜ በምስጋና ነው፤ ደካሞች ከተባበሩ ብርቱውን ይረታሉ ለማለት። ስለ ድሩ ብዙ ይባላል፤ ስለ አንበሳው የሚጠይቅ ግን የለም። አንበሳው ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው? በክፋቱ ነው ወይስ በብርታቱ? የዛሬው ንግግር ድር ያበረበትን አንድ አንበሳ የሚመለከት ነው። ሰውየው ማርሻል ዋልተር ቴይለር ይባላል። በተከለለ ክብ ሜዳ ላይ በሚደረገው የብስክሌት ውድድር በ1899 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

ይህ ታሪክ በባለሙያዎች ማኅበር ፊት እንዲነገር የሚያበቃው ምክንያት አለ። በዘመኑ በጥቁር ብስክሌተኞች ፊት ከተዘጉት በሮች ዋነኛው የመንግሥት ሕግ ያቆመው በር አልነበረም። አባላት በተሰበሰቡበት፣ አጀንዳ በተያዘበት፣ ድምፅ ተቆጥሮ ቃለ ጉባኤ በተጻፈበት አዳራሽ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ የቴይለር ታሪክ የአንድ ብርቱ ስፖርተኛ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ማኅበር የሚባለው ነገር ምን ያህል ሊያለማና ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክም ነው።

፩. ከኢንዲያናፖሊስ እስከ ዉስተር

ማርሻል ቴይለር ኖቬምበር 26 ቀን 1878 በአሜሪካ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በኢንዲያናፖሊስ ተወለደ። ወላጆቹ ጊልበርትና ሳፍሮኒያ ከኬንታኪ ተነሥተው ወደዚያ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ። አባቱ ሳውዛርድ በሚባሉ ሀብታም ነጮች ቤት በሠረገላ ነጂነት ይሠራ ስለ ነበር ልጁ አባቱን ተከትሎ ከቤቱ ይደርስ ነበር። በዚህም ምክንያት ዳንኤል ከተባለው የቤቱ ልጅ ጋር ተዋደደ። በመጨረሻም የልጁ ጓደኛ እንዲሆን ተፈቅዶለት ከዚያው ቤት ገባ፤ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ አንድ ዓይነት ትምህርት ቀስሞ ጥቂት ዓመታት ኖረ። ብስክሌትም ያገኘው ከዚያው ቤት ነው።

ይህ ልጅ በሩጫም ሆነ በጨዋታ ከጓደኞቹ ከማንም አያንስም ነበር። ሆኖም ልጆቹ በከተማው ወዳለው የወወክማ የስፖርት አዳራሽ ሲገቡ እሱ ቆዳው ጥቁር በመሆኑ ተከለከለ። ጓደኞቹ ታች ሲሠሩ እሱ ከላይ ከተመልካች ሰገነት ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ቴይለር በኋላ ዘመን የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ የቀለም ልዩነት የሚባለውን ክፉ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው በዚያ አዳራሽ መሆኑን ገልጿል። ይህን አዳራሽ አድማጭ በልቡ ይያዘው፤ በታሪኩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

የሳውዛርድ ቤተ ሰብ ወደ ቺካጎ ሲዛወር እናቱ ልጇን ልትለይ ስላልፈቀደች፣ ማርሻል ከሀብታሙ ቤት ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። በብስክሌቱም ጋዜጣ ማደል ጀመረ። በትርፍ ጊዜው በብስክሌት ላይ ልዩ ልዩ ትርኢት መሥራት ለምዶ ስለ ነበር፣ ሄይና ዊሊትስ የተባሉት የብስክሌት ነጋዴዎች ይህን አይተው በሳምንት 6 ብር የአሜሪካ ሂሳብና 35 ብር የሚያወጣ ብስክሌት ሰጥተው ቀጠሩት። ሥራው ጠዋት ሱቁን መጥረግና አቧራ ማራገፍ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገበያተኛ እንዲሰበሰብ ከሱቁ ደጃፍ ትርኢት ማሳየት ነበር። ትርኢቱን የሚያሳየው የወታደር ልብስ ለብሶ በመሆኑ ሰዉ «ሜጀር» ብሎ ጠራው፤ በአማርኛ ሻለቃ ማለት ነው። በኢትዮጵያ እንደ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያሉ ስፖርተኞች ማዕረጋቸውን ያገኙት በሠራዊት ውስጥ አገልግለው ነው። የቴይለር ማዕረግ ግን ከነጋዴ ሱቅ ደጃፍ የተገኘ የቅጽል ስም ነበር። ስሙ ቀልድ ሆኖ ተጀምሮ በዓለም ዙሪያ በክብር የሚጠራ ሆነ።

የመጀመሪያው ውድድሩም እንዲሁ በቀልድ የተጀመረ ነው። በ13 ዓመት ዕድሜው ገደማ፣ 10 ማይል የሚጋለብበትን የከተማውን ውድድር ለማየት ወጥቶ ሳለ ቀጣሪው ከሕዝቡ መካከል አይቶት፣ ሰዉን ለማሳቅ ሲል ከመነሻው መስመር ላይ አቆመው። ሕፃኑም ትልልቆቹን ተወዳዳሪዎች ቀድሞ ገባ፤ የወርቅ ሜዳሊያውንም ይዞ ወደ እናቱ ሮጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሉዊስ መንገር የተባለ ነጭ አሜሪካዊ፣ ራሱ ቀድሞ ተወዳዳሪ የነበረና በኋላ ብስክሌት ሠሪ የሆነ ሰው፣ ልጁን ወደ ራሱ ወሰደው። የቤቱም የፋብሪካውም ረዳት አደረገው፤ የሙያውንም ምሥጢር አስተማረው። በ1895 መንገር ፋብሪካውን ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ዉስተር ከተማ ሲያዛውር ወጣቱን ይዞት ሄደ። በዉስተር የወወክማ አዳራሽ ለቴይለር ተከፈተለት። በአንዱ ከተማ በሰገነት ላይ ያቆመው ማኅበር፣ በሌላው ከተማ አባል አድርጎ ተቀበለው። አንድ ደንብ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ መገኘቱ፣ ክልከላው ከሰዎች ፈቃድ እንጂ ከሌላ ነገር የመጣ አለመሆኑን ያስረዳል።

፪. የ1894ቱ ድምፅ

ያ ዘመን ብስክሌት የነገሠበት ዘመን ነበር። ሁለቱ ጎማዎቹ እኩል የሆኑትና ሰንሰለት ያለው ብስክሌት ከተሠራ፣ ደንሎፕም በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ካወጣ በኋላ፣ መኪና ገና ሳይበዛ ሰዉ ሁሉ ወደ ብስክሌት ዞረ። በአሜሪካ ብስክሌተኞችን ያስተባብር የነበረው በ1880 የተቋቋመው «የአሜሪካ ጎማ ነጂዎች ሊግ» ነው። ይህ ማኅበር የሚናቅ ማኅበር አልነበረም። የአባላቱ ቁጥር በገነነበት ጊዜ ከ100,000 በላይ ደርሶ ነበር። ጭቃና አቧራ የነበረው የአገሩ መንገድ እንዲሠራ ተከራክሮ ብዙ ውጤት አስገኝቷል፤ የውድድሩንም ሥርዓት ያወጣና ይቆጣጠር የነበረው እሱ ነው። መልካም ሥራ የሠሩ፣ የተማሩና የተከበሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ማኅበር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ማኅበር በ1894 በኬንታኪ በሉዊቪል ከተማ ጉባኤውን ባደረገ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ቀርቦ ያልተሳካ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ እንደ ገና ቀረበ። ሐሳቡ ስለ አባልነት በሚናገረው የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ውስጥ «ነጭ» የምትለዋን ቃል የሚያስገባ ነበር። ድምፅ ተሰጠ፤ 127 ደገፉ፣ 54 ተቃወሙ። ሐሳቡም ደንብ ሆነ።

ያን ጊዜ ቴይለር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ጉባኤው ስለ እሱ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም ሕይወቱን ከመሩት ጉዳዮች አንዱ የዚያ ቀን ድምፅ ነው። በእርግጥ ደንቡ የከለከለው አባልነትን እንጂ የመወዳደሪያ ፈቃድን ስላልነበረ፣ ቴይለር በ1896 በሙያተኛ ተወዳዳሪነት ተመዝግቧል። ነገር ግን በወገኑ አባል ስላልሆነ፣ ስለ ውድድሩ ሕግ በሚመከርበት ቦታ ድምፅ የለውም፤ ሲበደል የሚሟገትለት የለም፤ በየከተማው ያሉ ክበቦችም የትልቁን ማኅበር ምሳሌ ተከትለው በራቸውን ዘጉ። በዚያው ዓመት በትውልድ ከተማው በኢንዲያናፖሊስ በካፒታል ሲቲ ሜዳ ላይ ያለ ውድድር ሰዓት ይዞ ጋልቦ የሜዳውን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ያገኘው ሽልማት ከሜዳው መታገድ ሆነ።

፫. የሙያው ጠባይና የተባበሩት ተወዳዳሪዎች

የቴይለርን ብርታት ለመረዳት የሙያውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ውድድሩ የሚደረገው ከእንጨት ወይም ከሲሚንቶ በተሠራ፣ ማዕዘኖቹ እንደ ገበቴ ጠርዝ ወደ ላይ በተነሡ ክብ ሜዳ ላይ ነው። ብስክሌቱ ፍሬን የለውም። ፔዳሉም ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ስለሆነ ጎማው እየዞረ እግርን ማሳረፍ አይቻልም። ጋላቢው በፈጠነ መጠን ጉልበቱን የሚበላበት አየሩ ነው። ከፊት ያለው አየሩን እየቀደደ ይሄዳል፤ ከኋላው የተጠጋው ግን በተቀደደው አየር ውስጥ ጉልበቱን ቆጥቦ ይከተላል። ስለዚህ የአጭር ርቀት ውድድር የጉልበት ብቻ ሳይሆን የብልሃትም ነው። ተወዳዳሪዎቹ መጀመሪያ ቀስ ብለው እየተያዩ ይዞራሉ፤ አንዱ ሌላውን ፊት እንዲያወጣ ይጥራል፤ መጨረሻው ሲቃረብ ያለ የሌለውን ጉልበት አውጥተው ይፈተለካሉ።

እንዲህ ባለው ውድድር ሦስትና አራት ሰዎች በአንድ ሰው ላይ ከተስማሙ ጉዳቱ ከባድ ነው። አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከጎኑ፣ አንዱ ከኋላው ሆነው ከሜዳው የውስጥ ጠርዝ ጋር ያጣብቁታል። እንዲህ ሲሆን ብርቱው መውጫ ያጣል፤ ከተባባሪዎቹ አንዱ አሸንፎ ይገባና ሽልማቱን ይካፈላሉ። በቴይለር ላይ የተደረገው በተደጋጋሚ ይህ ነው። ድሩ አብሮ አንበሳውን ያስር ነበር።

ቴይለር ለዚህ መልስ ያገኘው በሙያው ውስጥ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ መውጣትን እንደ ልዩ ትምህርት ተማረ። አንዳንድ ጊዜም ሳይከብቡት አስቀድሞ ከፊት ወጥቶ አየሩን ራሱ እየቀደደ እስከ መጨረሻው መምራትን ለመደ። አካሉ ወደ ፊት ተዘርግቶ ዝቅ እንዲል የብስክሌቱን መሪ ወደ ፊት የሚያወጣ መያዣ ተጠቀመ፤ ይህም መያዣ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የሙያ ሥራውን የጀመረው በዲሴምበር 1896 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው። ገና 18 ዓመት እንደ ሞላው በግማሽ ማይል ውድድር የአገሩን ሻምፒዮን ኤዲ ባልድን ቀደመና 200 ብር የአሜሪካ ሂሳብ አገኘ። ወዲያውም በዚያው አዳራሽ ስድስት ቀን ቀንና ሌሊት በሚጋለብበት ውድድር ገባ። አጭር ርቀት የሚወዳደር ወጣት ይህን ያህል ይችላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እሱ ግን እንቅልፍ አጥቶ ሐሳቡ እስኪቃዥ ድረስ ጋልቦ 1,732 ማይል፣ ማለት ወደ 2,790 ኪሎ ሜትር ሸፈነና ስምንተኛ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር 1897 በማሳቹሴትስ በቶንተን ከተማ የሆነው ነገር ግን ከማጣበቅ ያለፈ ነው። ውድድሩ ካበቃ በኋላ ቤከር የተባለ ተወዳዳሪ ቴይለርን ከብስክሌቱ ጎትቶ ጥሎ አንገቱን አነቀው። ፖሊሶች ደርሰው ባያስለቅቁት ኖሮ መጨረሻው የከፋ ይሆን ነበር። ቴይለር ራሱን ስቶ ወደ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። በቤከር ላይ የተወሰነበት ቅጣት 50 ብር የአሜሪካ ሂሳብ ነበር፤ ከፍሎም ወደ ውድድሩ ተመለሰ። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ያሉ የውድድር አዘጋጆች ደግሞ የቴይለርን ምዝገባ አንቀበልም በማለታቸው፣ ለብሔራዊ ሻምፒዮንነት የሚቆጠረው ነጥብ አመለጠው። በ1898 ለልምምድ ወደ ጆርጂያ ወደ ሳቫና ቢሄድ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተማውን እንዲለቅ የሚያዝ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ደረሰው።

፬. ሞንትሪያል

አንድ ነገር ግን በማንም ድምፅ አይለወጥም። እሱም ሰዓቱ ነው። በ1898 መጨረሻ ላይ ቴይለር ሰባት የዓለም ክብረ ወሰኖች በእጁ ነበሩ።

በኦገስት 1899 የዓለም ሻምፒዮና በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ተደረገ። ኦገስት 10 ቀን በአንድ ማይል የእስፕሪንት ውድድር ቴይለር የቦስተኑን ቶም በትለርንና ሌሎቹን ቀድሞ የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። በብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። በማንኛውም ስፖርት ቢቆጠርም ከእሱ በፊት የዓለም ሻምፒዮን በመሆን የሚታወቀው ጥቁር ሰው የካናዳው ቦክሰኛ ጆርጅ ዲክሰን ብቻ ነው።

የሙዚቃው ጓድ የአሜሪካን መዝሙር ሲያሰማ፣ ሕዝቡም ባርኔጣውን አውልቆ ሲቆም፣ ቴይለር የተሰማውን በመጽሐፉ አስፍሯል። አሜሪካዊነቱ በአሜሪካ ምድር ተሰምቶት ከሚያውቀው ይልቅ በዚያች ሰዓት በባዕድ አገር በረታበት። ይህ ቃል የኩራት ቃል ቢመስልም ውስጡ ኀዘን አለበት። ሰው አገሩን ለማግኘት ከአገሩ መውጣት ሲኖርበት፣ ጉድለቱ የእሱ አይደለም።

በዚሁ ዓመት በኖቬምበር በቺካጎ በእንፋሎት የሚሄድ ፊት መሪ ተከትሎ አንድ ማይል በ1 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ጋለበ። ይህ በሰዓት ወደ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1900 ደግሞ በአገሩ ከተከለከለው ነገር አንዱን፣ የአሜሪካን የእስፕሪንት ሻምፒዮንነት አገኘ።

፭. ሰንበትና ገንዘብ

የቴይለርን ጠባይ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው በእሁድ ቀን አልወዳደርም ማለቱ ነው። ይህን ሃይማኖታዊ አቋም የያዘው ከእናቱ ትምህርት ሲሆን፣ በዉስተርም የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። አቋሙ ብዙ አስከፍሎታል። በ1898 ሙያተኞቹ ተወዳዳሪዎች ከሊጉ ተገንጥለው የራሳቸውን ድርጅት ባቋቋሙ ጊዜ ውድድር በእሁድ ስለ ተደረገ፣ ቴይለር በእሁዱ ውድድር አልተሳተፈም። በመሆኑም የዚያ ዓመት የሻምፒዮንነት ዕድሉ ተበላሸ። ከአውሮፓም ብዙ ገንዘብ የሚያስገኝ ጥሪ ሲመጣለት በዚሁ ምክንያት አልቀበልም አለ፤ በአውሮፓ ትልልቆቹ ውድድሮች የሚደረጉት በእሁድ ነበርና።

በመጨረሻ የተሸነፉት አዘጋጆቹ ናቸው። በ1901 በእሁድ እንዳይወዳደር በውል ተፈቅዶለት ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ሕዝብ ሊያየው የሚመኘው ከኤድሞን ዣክለን ጋር የሚያደርገውን ግጥሚያ ነበር። ዣክለን የ1900 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ፈረንሳዊ ነው። ቦታው በፓሪስ ፓርክ ደ ፕሬንስ ሆነ። ቀኑ ግን እሁድ መሆን አይችልም፤ ሕዝቡ ደግሞ በሥራ ቀን አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግጥሚያ ሜይ 16፣ በምዕራባውያን የዕርገት በዓል፣ ሐሙስ ቀን ተደረገ። ሁለተኛው ደግሞ ሜይ 27፣ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ሆነ። ትልቁ የፓሪስ ሜዳ የአንድን ጋላቢ ኅሊና ለማክበር ሲል የዓመቱን በዓላት ገልጦ ተመለከተ።

በመጀመሪያው ቀን አየሩ ብርድ ነበር፤ ዣክለን አሸነፈ። በሁለተኛው ግጥሚያ ግን ቴይለር ሁለቱንም ዙር ተከታትሎ አሸነፈና ክርክሩን ዘጋው። በየከተማው እየዞረ የሌሎችንም አገሮች ሻምፒዮኖች ረታ። በማርች 1902 ዴይዚ ሞሪስን አገባ። ቀጥሎም በእሁድ እንዳይወዳደር በሚፈቅድ ውል ወደ አውስትራሊያ ሄደ። አውስትራሊያ በ1901 ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባባት ሕግ ያወጣች አገር ናት፤ ቢሆንም ሕዝቡ ሜዳውን ሞልቶ በጭብጨባ ተቀበለው። በሁለተኛው የአውስትራሊያ ጉዞው በሜይ 1904 ልጁ በሲድኒ ተወለደች፤ በከተማዪቱም ስም ሲድኒ ተባለች።

፮. ድካምና የመጨረሻው ዘመን

በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ሲመለስ ከመርከብ የወረደው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ ሕዝብ አቅፎ የተቀበለው ሰው፣ ከሚስቱና ከአራስ ልጁ ጋር በአገሩ ከተማ የሚያሳድር ሆቴልና የሚያበላ ምግብ ቤት አጣ። ጉልበቱ ያልደከመው ሰው መንፈሱ ደከመ። ታመመ፤ ከሁለት ዓመት በላይም ከውድድር ራቀ።

በ1907 ወደ አውሮፓ ተመልሶ እንደ ገና ጀመረ። በ1908 በፓሪስ ከቆመበት በመነሣት በሚደረገው ግልቢያ ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖች አስመዘገበ። ነገር ግን ዕድሜና ክብደት ተጭነውት ነበር። በዚህ በመመለሻው ዘመን በእሁድ ቀን መወዳደር መጀመሩም ይታወቃል። ይህን ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ሊኖር ይችላል። ሆኖም በብርታቱ ዘመን በስንት ሀብት ያልተለወጠ አቋም፣ ቤተ ሰብ ማስተዳደር በከበደበት ጊዜ መላላቱ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። በ1910 ከውድድር ተሰናበተ፤ ዕድሜው 32 ዓመት ነበር።

ከሙያው ሲወጣ ሙያው ምንም አላስታጠቀውም። የምሕንድስና ትምህርት ለመማር በዉስተር ለሚገኝ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አመልክቶ ሳይቀበሉት ቀሩ። ለመኪና የሚሆን የብረት ጎማ ፈጥሮ ኩባንያ አቋቋመ፤ ኩባንያው ከሰረ። ሕመም ተጨመረበት። ቤቱ ተሸጠ። ብዙ ዓመት ደክሞ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩን በ1928 በራሱ ወጪ አሳተመ፤ በመጽሐፉም መግቢያ ውለታውን ለአሠልጣኙ ለመንገር ሰጠ። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሰው መጽሐፉን ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይሸጥ ነበር። በመጨረሻም ከሚስቱና ከልጁ ተለይቶ በ1930 ወደ ቺካጎ ሄደ። ያረፈበትም ቦታ በጥቁሮች ሰፈር የሚገኘው የወወክማ ማደሪያ ሆነ። በልጅነቱ ከሰገነቱ ላይ ያስቀረው ማኅበር፣ በጉልምስናው አባል ያደረገው ማኅበር፣ በመጨረሻ ዘመኑ መጠጊያው ሆነ።

ጁን 21 ቀን 1932 በቺካጎ በድሆች በሚታከሙበት የሆስፒታል ክፍል ዐረፈ። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። ሬሳውን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ በማውንት ግሌንዉድ መካነ መቃብር፣ ለድሆች በተከለለው ቦታ፣ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

፯. ዘግይቶ የመጣ ክብር

ከ16 ዓመት በኋላ በሜይ 1948 የቀድሞ ብስክሌት ተወዳዳሪዎች ማኅበር አባላት፣ የብስክሌት ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ፍራንክ ሽዊን በገንዘብ ረድቷቸው፣ ዐፅሙን አስወጥተው በመካነ መቃብሩ በሚታይ ስፍራ አሳረፉት፤ የነሐስም ጽሑፍ አቆሙለት። ይህን ያደረጉት የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። ማኅበር የዘጋውን ማኅበር ሊከፍት እንደሚችል ይህ ድርጊት ይመሰክራል። ለቴይለር ግን የመጣው በሕይወት ሳለ ሳይሆን ዐፅም ከሆነ በኋላ ነው።

በ1982 ኢንዲያናፖሊስ አዲስ ቬሎድሮም ሠርታ በስሙ ጠራችው። ከሜዳዋ ያባረረችውን ልጇን የሜዳዋ ስም አደረገችው። በ2008 ዉስተር ሐውልት አቆመችለት። የ1894ቱ ደንብስ? ሊጉ በስም ተለውጦ፣ ዘመን አልፎበት፣ የውድድር ሥልጣኑ ሁሉ ከእጁ ወጥቶ ሳለ፣ ውሳኔው በይፋ የተሻረው በ1999 ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ማንሣት ይበቃል። የመጀመሪያው፣ የማኅበር ጥፋት የሚመጣው በክፉዎች ብቻ አለመሆኑ ነው። በሉዊቪል እጃቸውን ካነሡት 127 ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ለመንገድ ሥራ የደከሙ፣ በከተማቸው የተከበሩ ሰዎች እንደነበሩ መገመት ይቻላል። ድምፃቸውን ሲሰጡ የ15 ዓመቱን ልጅ አላዩትም፤ ያዩት አጀንዳውን ነው። ስለዚህ በጉባኤ ላይ የአባልነት አንቀጽ ሲነበብ መጠየቅ ያለበት፣ በአዳራሹ ውስጥ ያሉት ምን ይላሉ ተብሎ ብቻ ሳይሆን፣ በአዳራሹ ውስጥ የሌለው ማን ነው ተብሎ ጭምር ነው። 54ቱ ይህን ጠይቀው ነበር፤ ተሸነፉ፤ ትክክለኞቹ ግን እነሱ ነበሩ።

ሁለተኛው፣ ሙያ ባለሙያውን በጉልበቱ ዘመን ተጠቅሞበት በድካሙ ዘመን ከጣለው፣ በኋላ የሚቆመው ነሐስ ዕዳውን አይከፍልም። ቴይለር በ1930 ያስፈለገው ሐውልት አልነበረም፤ ሥራ፣ ሕክምናና የሚጠይቀው የሙያ ባልደረባ ነበር። ይህን ማድረግ የሚችለው ማኅበር ነው፤ ማኅበር የሚቋቋመውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሂሳብ ይታወስ። በመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንዲት ቃል ለማስገባት የአንድ ጉባኤ ድምፅ በቃ። ያችን ቃል ለመሻር 105 ዓመት ፈጀ።